የወይዘሮ ሰዓዳ ውጤት

ብቸና መዝገብ ቤት ስሠራ፣ ጠዋት በሩን ስከፍት የሚቀበለኝ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። የቆየ ወረቀት፣ የዛገ መደርደሪያ፣ በክረምቱ ጣሪያው ያፈሰሰበት ካርቶን ሽታ። አሁን በሌላ ከተማ፣ ሰነዱ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ በገባበት ቢሮ እሠራለሁ። ወንበሬ ይሽከረከራል፣ መስኮቴም ሰፊ ነው። ግን አንዳንድ ጊዜ ያቺ ጠባብ ክፍል በጣም ትናፍቀኛለች። የምትናፍቀኝም ስለ አንዲት ሳምንት ነው።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ በሰነድ አያያዝ ተምሬ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ደብዳቤ መቀበል፣ ቁጥር መስጠት፣ ፋይል ማውጣትና መመለስ ነበር። እውነቱን ከተናገርኩ ግን አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው ሰው በመመለስ ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይሉ እየተፈለገ ነው»፣ «ነገ ብቅ ይበሉ»። ክፉ ሆኜ አልነበረም። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ እንዲህ ስትል ሰምቼ ያዝኩት፣ ከዚያ አፌ ለመደው።

በዚህ ላይ የመረጃ ጥያቄ የመቀበል ሥራም ተደርቦልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ለሁለት ቀን ሥልጠና ተላክሁ። ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት እንዳለበት፣ ከተከለከለም ምክንያቱ በጽሑፍ እንደሚሰጠው ነገሩን። አንድ ጥራዝ ቅጽም ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ስላልጠየቀ፣ በቅጹ ጀርባ የደብዳቤ ረቂቅ እጽፍበት ነበር።

ኅዳር ላይ ነው፤ ሰኞ ጠዋት። ገበሬው ጤፍ አጨዳ ላይ ስለሆነ ባለጉዳይ ሳስቷል። አንዲት ሴት በሩን አንኳኩተው ገቡ። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው ከላይ ጥቁር ሻርፕ የደረቡ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሴት ናቸው።

«እንደምን አደርሽ ልጄ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ።»

«እቀመጣለሁ፤ መጀመሪያ የመጣሁበትን ልንገርሽ። ሰዓዳ እንድሪስ እባላለሁ፣ ከሞጣ ነው የመጣሁት። የድሮው የትምህርት ቤት መዝገብ እዚህ ተቀምጧል ብለውኛል። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት ለማየት ነው።»

«የልጅዎን ነው?»

«የራሴን።»

የተፈተኑበትን ዓመት ሲነግሩኝ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አርባ ዓመት አልፎታል። ያኔ አባታቸው ብቸና ሱቅ ነበራቸውና እሳቸውም የተማሩት እዚሁ ነው። ፈተናው እንዳለቀ ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወደ ሞጣ ተመልሷል። አፌ እንደ ልማዱ «ነገ ብቅ ይበሉ» ሊል ሲዘጋጅ፣ ሞጣ ማለት በግንደወይን አድርጎ ስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ ትዝ አለኝና ወደ ኃላፊዬ ይዣቸው ገባሁ።

ኃላፊዬ አቶ ጥላሁን ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ሰው የማይጎዱ፣ ግን ጥላቸውን የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ሰዓዳን በአክብሮት አስቀመጡና አዳመጡ። ከዚያ፣

«እትዬ፣ ለምን ፈለጉት?» አሉ።

«ለማወቅ።»

«ማለቴ፣ ለሥራ ነው? ለፍርድ ቤት ነው?»

«ለማወቅ ነው ጌታዬ።»

«ያለ ምክንያትማ የመንግሥት ሰነድ አይወጣም። የሚመለከተው አካል በደብዳቤ ይጠይቀንና እናያለን።»

እኔ ሳላስበው፣ «ጋሼ፣ ሥልጠናው ላይ ጠያቂው ምክንያቱን እንዲናገር አይገደድም ብለውናል። ደግሞ የራሳቸው ውጤት ነው» አልኩ። አቶ ጥላሁን በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«እንግዲያው ቅጽ አስሞያቸው። መታወቂያቸውን እዪ። ፍለጋው ያንቺ ነው፤ እኔ የለሁበትም።»

ያን ቅጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ገጹ ተጠቀምኩበት። ወይዘሮ ሰዓዳ ብዕሩን ተቀብለው ራሳቸው ሞሉት። ጽሕፈታቸው ድሮ ብላክቦርድ ላይ እናየው እንደነበረው የመምህር ጽሕፈት ያማረ ነው። «እዚህ ዘመድ ጋር አድራለሁ፤ እስኪገኝ ድረስ እመጣለሁ» ብለውኝ ወጡ።

የድሮው ሰነድ የተቀመጠው በግቢው ጥግ፣ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበር። በሩ ሲከፈት እግሩ የተሰበረ ዴስክ፣ ቁልፎቹ የረገፉ የጽሕፈት መኪና፣ ከዚያ ኋላ በሲባጎ የታሰሩ ጆንያዎች። ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው፣ የመምህራን የፊርማ መዝገብ፣ የኖራና የዴስክ ርክክብ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የምስክር ወረቀት። ሰኞ ከሰዓት በኋላና ማክሰኞ ሙሉ ቀን ስፈልግ ዋልኩ። ፀጉሬ ላይ አቧራ፣ ጥፍሬ ውስጥ አቧራ። አንድ ሁለት ጊዜ የዓመቱን መዝገብ ያገኘሁ መስሎኝ ወደ ብርሃን ይዤ ሮጥኩ፤ የሌላ ዓመት ሆነ።

ለውሃ ብቅ ስል ወይዘሮ ሰዓዳን ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አያቸዋለሁ። ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ የተጻፈለትን ደብዳቤ ይዞ ሲቸገር ይቀበሉትና ያነቡለታል። «እዚህ ላይ 'እንዲታይላቸው' ነው የሚለው እንጂ 'ተፈቅዶላቸዋል' አይልም፤ ተመልሰህ ጠይቃቸው» ሲሉ ሰማኋቸው። ሰውየው አመስግኖ ተመለሰ። ይህቺ ሴት ተምራ ቢሆን ኖሮ የት ትደርስ ነበር አልኩ በሆዴ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ውጤታቸው እንዲገኝ ብቻ ሳይሆን አልፈው እንዲገኙም መመኘት ጀመርኩ።

ረቡዕ ከምሳ በፊት ተገኘ። ጀርባው በጨርቅ የተለበጠ፣ አንድ ጥጉን አይጥ የበላው ረጅም መዝገብ። ዓመቱ ልክ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ልክ ነው። መጋዘኑ በር ላይ፣ ብርሃን ወዳለበት አውጥቼ በጣቴ ስሞቹን እየተከተልኩ ወረድኩ። ሰዓዳ እንድሪስ። በየትምህርቱ ዓይነት ነጥብ ተጽፏል። አማርኛ ከፍተኛ ነው። ሒሳብ ላይ ዓይኔ ቆመ። መጨረሻው ዓምድ ላይ በቀይ ቀለም «አላለፈችም» ይላል።

ደግሜ አየሁት። ከላይና ከታች ያሉትን ስሞች አየሁ፣ መስመሩን በማስመሪያ ተከተልኩ። ምንም ስሕተት የለም። መዝገቡን አቅፌ ወደ አቶ ጥላሁን ገባሁ። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው አነበቡ።

«እንግዲህ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጠፍቷል በያቸው።»

«እንዴት ጋሼ?»

«እስቲ አስቢው ልጄ። እኚህ ሴት ከሞጣ ድረስ የመጡት 'ወድቀሻል' ለመባል ይመስልሻል? ይኼን ሁሉ ዘመን አልፌ ነበር እያሉ ኖረዋል። ያችኑ ልትወስጂባቸው ነው? አይጥ በልቶታል በያቸው። ምርር ብለው ይሄዳሉ፤ ግን ተስፋቸውን ይዘው ይሄዳሉ።»

አንባቢዬ፣ ይህን ያሉት ተንኮል አስበው አልነበረም። አዝነውላቸው ነው። እኔም በእርግጥ ትክክል መሰሉኝ። መዝገቡን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ፣ የምናገረውን በልቤ እያሰናዳሁ ወጣሁ። የመዝገቡን ጥግ አይጥ መብላቱ ደግሞ ውሸቴን ግማሽ እውነት አደረገልኝ።

ወይዘሮ ሰዓዳ ፊቴን እንዳዩ ብድግ አሉ።

«አገኘሽው?»

«እትዬ ሰዓዳ፣ ሰነዱ…»

«ቆይ» አሉና እጄን ያዙ። «ቆይ እታለም። ከመናገርሽ በፊት ምክንያቴን ልንገርሽ። ለአለቃሽ ያልነገርኳቸው የቤቴ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ውጤቱ የወጣ ጊዜ እኛ ሞጣ ነበርን። ሊያመጣ የመጣው አባቴ ነው። ተመልሶ 'አላለፍሽም' አለኝ። በሁለተኛው ወር ዳሩኝ። አጠገቤ የተፈተነችው፣ መልስ አሳዪኝ እያለች ስታስቸግረኝ የነበረችው ጓደኛዬ አልፋ ዛሬ በጡረታ ያለች መምህርት ናት። ታዲያ እኔ ምን ልበል? አባቴ ሊድረኝ ብሎ ዋሸኝ አልኩ። ፊት ለፊት ነገርኩት፣ በአላህ ስም ማለልኝ፣ አላመንኩትም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ የማጥበው፣ የማለብሰው፣ የማበላው እኔ ነኝ። ግን አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ተጫውቼ አላውቅም። አሁን ዘጠና ሊሞላው ነው፤ ደክሟል። ዋሽቶኝ ከሆነ ዋሽተኸኛል ብዬ ይቅር ልለው እፈልጋለሁ። ካልዋሸኝ ደግሞ…» ሻርፓቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ካልዋሸኝ ደግሞ ሳይሞት ልወቀው።»

መሳቢያዬ ውስጥ የተቆለፈው የእሳቸው የትምህርት ውጤት ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። እኔና አቶ ጥላሁን ቁጭ ብለን፣ የሴትዮዋን ሕይወት ሳናውቅ፣ ምን እንደሚበጃቸው ወስነንላቸው ነበር።

«ሰነዱ ተገኝቷል» አልኩ። «ይግቡና በዓይንዎ ይዩት።»

መዝገቡን ከመሳቢያው አወጣሁ። የሌሎቹ ተፈታኞች ውጤት እንዳይታይ ከላይና ከታች ነጭ ወረቀት አደረግኩበት፤ አንዲት መስመር ብቻ ቀረች። ወይዘሮ ሰዓዳ አጎንብሰው በጣታቸው ስማቸውን ነኩ። ጣታቸው ቀስ እያለ ወደ መጨረሻው ዓምድ ሄደና ቆመ።

«ሒሳብ ነው የጣለኝ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔን ሰዓዳን? ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ለክቼ የምሸጠውን?» ብለው ሊስቁ ሞከሩ። ሳቁ መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነባቸው። «አባቴን፣» አሉ በሻርፓቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው፣ «አርባ ዓመት ሙሉ አባቴን በከንቱ…»

መብራት ስላልነበረ ፎቶ ኮፒ አልሠራም። መስመሯን በእጄ ገልብጬ ወደ አቶ ጥላሁን ወሰድኩ። ወይዘሮ ሰዓዳ አጠገቤ ቆመው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ያዩአቸዋል። አቶ ጥላሁን ፈርመው፣ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አሹና ረገጡት።

ሊሄዱ ሲሉ ወይዘሮ ሰዓዳ በሩ ላይ ዞሩ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቅዳሜ ሥራ የለሽም። ሞጣ መጥተሽ ለእሱ አንብቢለት። እኔ ካነበብኩት 'እኔን ደስ ለማሰኘት ብላ ነው' ይላል። ያወጣችው ራሷ ታንብብለት።»

ቅዳሜ በጠዋት በሚኒባስ ወጣሁ። የጮቄ ተራራ በስተግራዬ ሰማያዊ ሆኖ ይከተለኛል፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የታጨደው ጤፍ ተከምሯል፣ ግንደወይን ላይ ቆመን ሰው ጫንን። ያን መንገድ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ያማረብኝ ጊዜ ግን የለም። ደስታ ይዤ የምሄድ መስሎኝ ነበር።

የወይዘሮ ሰዓዳ አባት ሐጂ እንድሪስ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ተሳልሜያቸው አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ሰዓዳ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበረከኩ።

«አባባ» አሉ፣ «እንግዳዋ ከብቸና ናት። የስምንተኛ ክፍል ውጤቴን ከመዝገብ አውጥታልኛለች።»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን መቁጠር አቆሙ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት።

«ምን ይላል?» አሉ። ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል።

ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብኩ። ስም፣ የትምህርት ዓይነቶቹን በየተራ፣ ከዚያ «ውጤት፦ አላለፈችም»።

«ደግመሽ አንብቢልኝ።»

ደገምኩት።

«አባባ፣» አሉ ወይዘሮ ሰዓዳ የአባታቸውን ጉልበት ይዘው፣ «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። እውነት ነግራችሁኝ አላመንኳችሁም። ስማችሁን በልቤ ሳጠፋ ኖርኩ። አውፍ በሉኝ።»

ሐጂ እንድሪስ እጃቸውን አነሱ። የሚመርቁ መስሎኝ ነበር። እጃቸው ግን ፊታቸውን ሸፈነ።

«አንቺ አውፍ በይኝ» አሉ። «አንቺ ነሽ የምትዪኝ።»

«ለምን?»

«አላየሁትም።»

«ምኑን?»

«ውጤቱን። ብቸና ሄጃለሁ። ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ደርሻለሁ። ወላጁ ተሰብስቦ ወረቀት ይቀበላል። አንቺን ለሰው ከሰጠሁ፣ ቃል ካሰርኩ ሰነባብቷል። ብታልፍ ምን እመልሳለሁ፣ ልማር ብትለኝ በምን አፌ እምቢ እላለሁ ብዬ ፈራሁ። ሳልጠይቅ ከበሩ ተመለስኩ። 'አላለፍሽም' ያልኩሽ ከራሴ አውጥቼ ነው። በአላህ ስም የማልኩትም በሐሰት ነው። ከዚያ ወዲህ ልጄ አልፋ ይሆናል፣ የልጄን ዕድል በልቼ ይሆናል እያልኩ ስቃጠል ነው የኖርኩት። ማንስ ይጠየቃል?»

እኔ ወረቀቱን ይዤ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ወይዘሮ ሰዓዳ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ጠይቃችሁ ቢሆን ኖሮ መልሱ ያው ነበር!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሰማችሁ አባባ? ያው ነበር! ወረቀቱን ይዛችሁ ትመጡ ነበር፣ እኔም አይቼ አልቅሼ አርፍ ነበር!» ብለው ወደ ጓሮ ሄዱ።

ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው፣ «ትመለሳለች?» አሉኝ እኔን፣ የማያውቁኝን። «ትመለሳለች ሐጂ» አልኩ፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

ተመለሱ። ፊታቸውን ታጥበዋል። በአንድ እጃቸው ማስታጠቢያ፣ በሌላው የውሃ ጆግ ይዘዋል። የአባታቸውን እጅ አስታጠቡ፤ ከዚያ እኔን። ምሳ ቀረበ። ለእኔ ብለው ሽሮ ለብቻው አሠርተው ነበር። ወይዘሮ ሰዓዳ ፍራሹ ላይ፣ ከአባታቸው ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡና አንድ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ ሽማግሌው አፍ አቀረቡ። ሐጂ እንድሪስ ጎረሱላቸው። አቤት የዚያን ቀን ጉርሻ!

ሰኞ አቶ ጥላሁን ጠርተው «እንዴት ሆነ?» አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። የመጋዘኑን ቁልፍ ከቁልፍ ማሰሪያቸው ላይ ፈትተው ሰጡኝ። «አንቺው ጋ ይቀመጥ» አሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድንም ሰው «ለምን ፈለጉት?» ሲሉ አልሰማኋቸውም። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚያው በጋ ጆንያዎቹን ፈትተን፣ መዝገቡን በየዓመቱ ለይተን ደረደርነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ወረቀት ጠይቆኛል። አንዳንዱ ይደሰትበታል፣ አንዳንዱ ይናደድበታል፣ ሕጉ የማይፈቅደውም ያጋጥመኛል፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን ጽፌ እሰጣለሁ። አንድ ነገር ግን ዳግመኛ አላደረግኩም። ሰው እውነቱን ይችለው እንደሆነና እንዳልሆነ በእሱ ቦታ ሆኜ አልወሰንኩም። ይህን የምታነቡ በመንግሥት ወንበር የተቀመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ መሳቢያችሁ ውስጥ ያለው ወረቀት የማን አባት፣ የማን ልጅ እንደሆነ አታውቁም። በደጅ የቆማችሁም፣ ከበሩ አትመለሱ። ግቡና ጠይቁ።

በሰባተኛው ወር፣ ሰኔ ላይ፣ ወይዘሮ ሰዓዳ ስልክ ደወሉልኝ። ሐጂ እንድሪስ አርፈዋል። ላጽናናቸው ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«ምን ሲያወራኝ ከረመ መሰለሽ! ስለ እናቴ፣ ስለ ልጅነቱ፣ ብቸና ስለነበረው ሱቃችን። ለካ ተጫዋች ሰው ነበር፤ አላውቅም ነበር ልጄ። ሰባት ወር አባት ነበረኝ። አላህ ይስጥሽ።»

ያን ረቡዕ «ጠፍቷል» ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያን ሰባት ወራት የሰረቅኋቸው እኔ ነበርኩ።